አርባ ደቂቃ ለኡራ ኪዳነ ምሕረት

ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት በጣና ቂርቆስ ደሴት 600 ዓመት እንደቆየች ትውፊቱ ይናገራል። ያኔ የጉዞ ኮሚቴ አልነበረማ! የእኛ መሥሪያ ቤት ኮሚቴ ቢያገኛት ኖሮ በ20 ደቂቃ አስጨርሶ ለምሳ ያደርሳት ነበር።

መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር «ለልምድ ልውውጥ» ከሄድነው 40 ሠራተኞች አንዱ ነኝ። ልምዱን በመጀመሪያው ቀን ከሻይ ዕረፍት በፊት ተለዋውጠን ጨረስን። ሁለተኛው ቀን የጣና ነው፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ክብራን ገብርኤል፣ ጉማሬ፣ ዓሣ፣ ጢስ ዓባይ፣ ገበያ፣ ከዚያ ማርቆስ። በዳጋ እስጢፋኖስ የዓፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዓፄ ፋሲል አፅም አለ፤ ነገር ግን በጀልባ ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚርቅ ነገሥታቱ በመርሐ ግብሩ አልተካተቱም።

በዓለም ላይ ይህን ሳያዩ ደርሶ የመመለስ ጥበብ የተካኑ መርከበኞች አሉ። ሺህ ሰው ጭነው ካሪቢያን ደሴት ላይ ጠዋት ያራግፋሉ፣ ማታ ይለቅማሉ። ሄይቲ ውስጥ ላባዲ የምትባለውን ጥግ አንድ የመርከብ ኩባንያ ተከራይቶ አጥሯታል፤ መንገደኛው ሄይቲን ሳያይ ሄይቲ ደርሶ ይመለስ ነበር። እኛ መርከብም አጥርም አላስፈለገን።

ለኡራ የተመደበው 40 ደቂቃ ነበር። በዘጌ ቡና ጫካ ውስጥ ሽቅብ 15 ደቂቃ፣ ቁልቁል 15 ደቂቃ፤ 10 ቀረ። ጫማ ማውለቅ 3፣ ጫማ ማሰር 3፣ የጋራ ፎቶ 3። ለመቅደሱ ግድግዳ አንዲት ደቂቃ ተረፈች። እዚያ ግድግዳ ላይ 78 ሰው የበላው በላኤ ሰብእ አለ። ሰውዬው ያን ሁሉ ሰው ለመብላት ስንት ዘመን እንደፈጀበት እንጃ፤ እኔ ያየሁት ለሁለት ሰከንድ ነው። በእመቤታችን ስም ውኃ ያጠጣው ድሀ በየት በኩል እንደተሣለ ሳላይ ከኋላዬ የነበረው ባልደረባዬ ገፋኝ።

ኮሚቴውን ግን አልወቅስም። ችግሩ ጫማው ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ሐሳብ አለኝ፦ ሠራተኛው ሁሉ ኮንጎ ጫማ ያድርግ። ኮንጎ ማሰሪያ የለውም፤ እግር ሲነቀነቅ በራሱ ይወልቃል። 6 ደቂቃው ወደ 1 ይወርዳል። 40 ጥንድ ኮንጎ መግዛት ታዲያ ዝም ብሎ አይሆንም፤ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። አሸናፊው ነጋዴ ሁሉንም 38 ቁጥር ያመጣል። ልኩን የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ንዑስ ኮሚቴው ኮንጎ አያያዝን ከሌላ ዞን እንዲማር የልምድ ልውውጥ ይላካል፣ አበል ይታሰብለታል። 40 አንድ ዓይነት ጫማ ደጃፉ ላይ ሲደረደር የማን የማን እንደሆነ ስለማይለይ በየጫማው ላይ የንብረት ቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩን የሚያነብ ንብረት ክፍል አብሮ ይጓዛል። እሱ ደግሞ ቆዳ ጫማ ነው የሚያደርገው፤ ማሰሪያ ያለው። ዓመቱ ሲዘጋ ኦዲተር መጥቶ አንድ ግራ እግር ጎደለ ይላል። ግራ እግሩ ዘጌ ነው። ለማምጣት መኪና ይመደባል፣ ነዳጅ ይቆረጣል፣ መኪናው ባዶ ከሚሄድ ደግሞ 40 ሠራተኛ ይጫንበታል።

ጢስ ዓባይ ስንደርስ በጋ ነበር፤ ውኃው ለመብራት ተጠልፎ ጢሱ ቀጥኗል። ኮሚቴው ይህን እንደ ጊዜ ቁጠባ ቆጠረው።

ክብራን ሴት አይገባም፤ ሥርዓቱ ነው፣ ይከበራል። ሴት ባልደረቦቻችን እኩል ከፍለው ጀልባ ላይ ፀሐይ ሲጠብሳቸው ቆዩ፤ በሪፖርቱ ላይ ግን «40 ሠራተኞች ጎብኝተዋል» ተባለ። ሴት የሚገባበት እንጦስ ኢየሱስ አጠገቡ ነው። ሴቶቹን እዚያ አለማድረስ ነውር ነው።

እኛ ለቅሶ እንኳ ስንደርስ ቁጭ ብለን ንፍሮ እንቆረጥማለን። ኡራ ላይ አንድ አባት፣ ዘጌ ውስጥ ለምን እንደማይታረስና ከብት እንደማይረባ፣ ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ጀምረው ሊነግሩን አፋቸውን ከፈቱ። «በትረ ማርያም...» እንዳሉ አስተባባሪው አጨበጨበ። እሳቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ዝም አሉ። እኔም አብሬ ሮጥሁ፤ ይህን የማልናገረው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ማርቆስ የገባነው ሌሊት ነው። እናቴ ሳትተኛ ጠብቃኛለች።

«አንተ ልጅ፣ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምሃት?»

«ደርሻለሁ፣ እማዬ።»

«መድረስህንማ ነገሩኝ። ተሳለምሃት ወይ ነው የምልህ?»

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ መፍታት ጀመርሁ።