የአዘዞን ባለ አራት ቅጠል ማሳለጫ ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

በአዘዞ መገንጠያ ፀሐይ ላይ ቆመን ባጃጅና ሚኒባስ ስንጠብቅ የኖርን እኛ፣ ሥልጣን ባይሰጠንም ጊዜ የተትረፈረፈን በመሆናችን፤

ከባሕር ዳር የሚመጣው፣ ከመተማ የሚመጣው፣ ከጎርጎራ በቆላ ድባ በኩል የሚመጣውና ከጎንደር የሚወርደው ሁሉ አዘዞ ላይ ተገናኝቶ «ቅድሚያ የኔ ነው» ሲባባል የሚውል መሆኑ ስለታወቀ፤

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ ለበቅሎ እንጂ ለተሳቢ መኪና ያላሰቡ መሆናቸው በይቅርታ የሚታለፍ ሆኖ በመገኘቱ፤

አዲስ አበባ የጎተራ ማሳለጫን ስታሳይ ጎንደር ከነ44 ታቦቷ አንድም ማሳለጫ ሳይኖራት መቅረቷ ክብራችንን የሚነካ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የአዘዞ ማሳለጫ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ባይጠቀስም ቅሬታ የለንም።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ
የቃሉ አግባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦
«ተሽከርካሪ» ማለት ተሳቢ፣ አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ የፈረስ ጋሪና ገብስ የተጫነች አህያ ነው።
«እግረኛ» ማለት በዲዛይኑ ላይ ያልተሣለ ሰው ነው።
«በቅርብ ቀን» ማለት ያልተቆረጠ ቀን ነው።

አንቀጽ 3፦ ቅርጽ
ማሳለጫው የአራት ቅጠል ቅርጽ ይኖረዋል። ይህ ቅርጽ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ ዉድብሪጅ ላይ በ1929 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ አገር ገብቷል። አንዱ መንገድ በሌላው ላይ በድልድይ ያልፋል። ወደ ግራ መታጠፍ የሚሻ ሾፌር ድልድዩን ካለፈ በኋላ ወደ ቀኝ ይወጣና የክብ ሦስት አራተኛ በሚያህል ቀለበት ዞሮ ከፈለገው መንገድ ይገባል። ግራ ለመሄድ ቀኝ መዞር ለነዋሪው እንግዳ አይሆንም፤ አንድ ማኅተም ለማስመታት አምስት ቢሮ የዞረ ሰው ተጨማሪ ሥልጠና አያሻውም።

ፈረንጆቹ ራሳቸው ግን ይህን ቅርጽ በብዙ ቦታ እያፈረሱ በሌላ መተካት ይዘዋል። ከአንዱ ቀለበት ወጥቶ ፍጥነት የሚጨምረውና ወደሚቀጥለው ቀለበት ለመግባት ፍጥነት የሚቀንሰው በአጭር ርቀት ውስጥ መስመር ስለሚቀያየሩ እርስ በርስ ይጨናነቃሉ፤ አንዳንዴም ይጋጫሉ። የአዘዞ ሾፌር በዚህ አይደናገጥም፤ ድሮም መስመር አልነበረውም።

ቀለበቱ ከጠበበ ተሳቢው ይገለበጣል፤ ከሰፋ መሬት ይበላል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን፣ የመንገዱ ማጋደል ሳይለወጥ፣ የመታጠፊያው ሬዲየስ አራት እጥፍ መሆን አለበት። (ይህ ሕግ የተፈጥሮ ስለሆነ በማሻሻያ አዋጅ አይሻርም።) ያን ያህል መሬት አዘዞ ውስጥ ከየት እንደሚመጣ፣ ተነሺዎችም ምን ካሳና ምን ምትክ ቦታ እንደሚያገኙ በአንቀጽ 6 በዝርዝር ይደነገጋል።

አንቀጽ 4፦ አፈር
የደንቢያ ሜዳ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ጥቁሩን አፈር ቆርጠው ሳያወጡ፣ በተመረጠ ገረጋንቲ ሳይተኩና ውሃው የሚሄድበትን ሳያበጁ ያነጠፉት አስፋልት ብዙም ሳይቆይ ይጎብጣል። ይህን ሁሉ መሥራት ወጪ ስለሚያበዛ፣ አፈሩ ርክክቡ እስኪፈጸም ድረስ ከማበጥ እንዲታቀብ ታዟል።

አንቀጽ 5፦ መውጫዎች
ማንም ቅር እንዳይለው ማሳለጫው ለእያንዳንዱ ታቦት አንድ፣ በድምሩ 44 መውጫ ይኖረዋል። በመውጫና በመውጫ መካከል ሾፌሩ ምልክት አንብቦ ፍጥነት የሚቀንስበት በቂ ርቀት ስለሚያስፈልግ የመጨረሻው መውጫ ዳባት ላይ ያርፋል። ዳባት በደስታ ተቀብላለች። ደባርቅ ግን ድምፀ ተአቅቦ አድርጋለች፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቀደደው የሊማሊሞ መንገድ እያላት ሌላ መጠማዘዣ ምን ይሠራላታል? ሊማሊሞ አንድም ድልድይ በሌላ ድልድይ ላይ ሳይደራርብ ሾፌሩን ሲያዞር የኖረ ነው። ለዚያውም ገደሉን ይዞ።

አንቀጽ 7፦ የመሠረት ድንጋይ
የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠለት ማሳለጫ በግማሽ እንደተጠናቀቀ ይቆጠራል። ድንጋዩን ሣር ሲውጠው ሁለተኛ ድንጋይ በሌላ እንግዳ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ ሥራው መቶ በመቶ መድረሱ ለሕዝብ ይገለጻል።

አንቀጽ 8፦ አስቀድሞ የተፈቀዱ ምክንያቶች
በመጀመሪያው ዓመት ወሰን ማስከበር፣ በሁለተኛው ሲሚንቶ፣ በሦስተኛው የውጭ ምንዛሪ፣ በአራተኛው ጸጥታ፣ በአምስተኛው የዋጋ ማስተካከያ። ተራውን ሳይጠብቅ ምክንያት ያቀረበ ተቋራጭ ይቀጣል።

አንቀጽ 9፦ እግረኛ
በ2007 ዓ.ም. መባቻ የተከፈተው ባለ 6 መስመሩ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ እግረኛ፣ ጋሪና ከብት አያስገባም። ገጠር ለገጠር ታጥሮ ለሚሄድ መንገድ ይህ ያስኬዳል። በከተማ መሐል የሚያልፈው የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ግን መሻገሪያ ድልድዮቹ ስለተራራቁ ሰው አጥር መዝለል ተማረበት። አዘዞ ደግሞ በእግሩ የሚኖር ከተማ ነው። ሽምብራና ነጭ ሽንኩርት አዝላ ከደንቢያ የመጣች እናት ዛሬ በሃያ እርምጃ የምትሻገረውን መገንጠያ፣ ማሳለጫው ሲሠራ ቀለበቶቹን አቋርጣ ልትሻገረው ነው። ለመኪናው አንድ ደቂቃ ተረፈ፤ የእሷን ግማሽ ሰዓት ማን ይመልስላት? መሐንዲሱ ይህን ጥያቄ አልተጠየቀም።

በመሆኑም እግረኞች ክንፍ እንዲያበቅሉ የስድስት ወር የእፎይታ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል።

አንቀጽ 10፦ የተሻሩ ልማዶች
ረዳት በመስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ ክንዱን እየዘረጋ «ወንድሜ፣ አንዴ!» የሚልበት ልማድ ተሽሯል። መገንጠያውን እስከ ዛሬ ሲያሳልጥ የኖረው እሱ በመሆኑ የምስጋና ወረቀት ይሰጠዋል።

አንቀጽ 11፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ያለው የጎርፍ ቦይ ሁሉ ክዳን ካገኘ፣ የእግረኛ መሄጃው ከተነጠፈና የመንገድ መብራቱ ከበራ ማግስት ጀምሮ የጸና ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ፣ ሾፌሮች ሆይ፣ መገንጠያው ላይ ቀነስ አድርጉ፤ እናቶችን አሳልፉ።