የዴቲኒው ክስና የማዳም መሳቢያ

የእንግሊዝ ሊቃውንተ ሕግ፣ የሰውን ዕቃ ይዞ አልመልስም ያለውን ሰው የሚከሱበትን ጥንታዊ ክስ «ዴቲኒው» ይሉት ነበር፤ ተከሳሹም 11 ሰዎች አቅርቦ አብረውት ቢምሉለት በነጻ ይሰናበት ነበር፤ ይህ የመሐላ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1833፣ ክሱም ራሱ በ1977 ተሻረ። አቡ ዳቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የእንግሊዝን ኮመን ሎው በአል ማርያህ ደሴት እንዲሠራበት ስላወጀች፣ የባንክና የኩባንያ ጌቶች ነገረ ፈጆቻቸውን አስከትለው በዚያ በእንግሊዝኛ ይሟገታሉ።

ከደሴቲቱ ሰዓት ተኩል ያህል በመኪና ርቆ ባለው በአል አይን ግን፣ ክሱ ቢሞትም ግብሩ በሕይወት አለና፣ የአንዳንዲቱ ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ፓስፖርት «እንዳይጠፋባት» በሚል እናታዊ ርኅራኄ በማዳም መሳቢያ ተቆልፎ ይኖራል። ምስክር አምጪ ብትባልማ፣ ማዳም 11ዱን መሐለኞች ቡናው ሳይፈላ ከጎረቤት ትሰበስባቸው ነበር (ዐሥራ ሁለተኛውም ሳይጠሩት ይመጣል)። ስለዚህ፣ እኅቴ ሆይ፣ የደሴቲቱን ሊቃውንት አትጠብቂ፤ የአገሩ እ.ኤ.አ. የ2022 የቤት ሠራተኞች ሕግ መታወቂያ ሰነድሽን በእጅሽ የመያዝ መብት ሰጥቶሻል።