ከኮተቤ ብየዳ ቤት እስከ እንጦጦ ነፋስ

የእህቴ ልጅ ኮተቤ ውስጥ በርና መስኮት ይበይዳል። በጥር ወር ከፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ የቀደዳቸውን ሦስት ክንፎችና ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ዲናሞ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ የነፋስ ተርባይን አድርገን እንጦጦ ላይ እንሞክረው» አለኝ።

ጣጣው የጀመረው መገናኛ ላይ ነው። የሚኒባሱ ረዳት ለምሰሶው ብረት የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቀ። ተከራክረን ከፈልን። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስንወርድ አንዱ ክንፍ ተሰንጥቋል። ልጁ ናስትሮ ጠመጠመበትና በጉራራ በኩል ዳገቱን ተያያዝነው። ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች መንገድ ለቀቁልን፤ መልቀቅ የነበረብን እኛ ነበርን። የእነዚያን ሴቶች ጀርባ ያየ ሰው የኃይል ጉዳይን እንደ ቢሮ ወሬ አይሰማውም።

ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ነፋሱ እንደ ባሕር ዳርቻው አይገፋም። ደግነቱ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ያድጋል። የመኪና ዲናሞ ደግሞ በጣም ካልፈጠነ አይሠራም፤ ልጁ የብስክሌት ቸርኬ በቺንጋ አገናኝቶበታል። ቺንጋው ደጋግሞ ሾለከ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ድንገት በረታ፣ የአምፖሉ ክር ቀላ፣ ቀጥሎም ቦግ አለ። ወዲያው የተሰነጠቀው ክንፍ ተገንጥሎ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባ። እስኪመሽ ፈልገን አጣነው።

ትልልቆቹማ አሉን፤ አዳማ ላይ በ2004 ዓ.ም. 34፣ በ2007 ደግሞ 102 ተርባይኖች ሥራ ጀምረዋል፤ አሸጎዳ ላይ በ2006 የተመረቁት 84 ናቸው። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ነፋሱ ስለሚበረታ ለግድቦቻችን ጥሩ አጋዥ ናቸው። የአዳማዎቹ ክንፎች ግን፣ እያንዳንዳቸው ከ30 ሜትር በላይ፣ ከቻይና በመርከብ ጅቡቲ ደርሰው በከባድ መኪና የተጎተቱ ናቸው።

ክንፍ ፋይበርግላስ ነው፤ ረጅም ሻጋታና ሰፊ አዳራሽ ይፈልጋል፣ እሱ ይቆየን። የብረቱ ማማ ግን ወፍራም ላሜራ በማሽን ተጠቅልሎ ዙሪያውን የሚበየድ፣ ብየዳውም በአልትራሳውንድ የሚፈተሽ ነው። ይህን ስነግረው ልጁ ክንፉን ረስቶ ስለ ላሜራው ውፍረት ይጠይቀኝ ጀመር፤ አሁን በየብረታ ብረት ቤቱ የመጠቅለያ ማሽን እያጠያየቀ ነው። እኔ ደግሞ የምጠይቀው መንግሥትን ነው፦ የሚቀጥለው የነፋስ ኃይል ውል ሲፈረም «ማማው እዚህ ይበየዳል» የሚል አንቀጽ ለምን አይገባበትም?