ስንጥቁና መካሪዎቹ

ቢቸና ውስጥ የመኪናዬ የፊት መስታወት መሰንጠቁን ያልነገረኝ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ከአገር ወጥቷል ማለት ነው። የሚነግረኝ ሁሉ ደግሞ እኔ እንዳላየሁት እርግጠኛ ሆኖ ነው። «መስታወትህ ተሰንጥቋል እኮ!» ይለኛል። ጣቱን ስንጥቁ ላይ አሳርፎ ከመሪው ፊት ለፊት ተነስቶ እስከ ማዶው ጥግ ይከተለዋል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ከንፈሩን ይመጣል። ስንጥቁን ጠዋት ማታ እያየሁ የምነዳው እኔ፣ ወሬውን ገና የሰማሁ መስዬ «አዬ ጉድ!» ማለት አለብኝ። አለዚያ ሰውየው ይቀየማል።

ከወሬው ቀጥሎ ምክሩ ይመጣል። አንዱ የስንጥቁን ጫፍ የጥፍር ቀለም ቀባው፣ ከዚያ ወዲያ አይሄድም ይላል። ሌላው ፀሐይ ላይ አታቁማት ይላል፤ ሦስተኛው ጥላ ላይ አታቁማት፣ መስታወት የሚሰነጥቀው ብርዱ ነው ይላል። ከሁሉም የሚያናድደኝ በሩን በቀስታ ዝጋ የሚለው ነው፤ ምክሩ ትክክል ስለሆነ። መኪናዋ ከአባቴ የወረስኳት ቮልስ ናት። ቮልስ የነዳ ያውቀዋል፤ መስኮቶቿ ከተዘጉ አየር መውጫ ስለሌለው በሯ ሲገፋ ውስጥ ያለው አየር መልሶ ይገፋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ይደረግመዋል፤ በተደረገመ ቁጥር ስንጥቁ ትንሽ ይራመዳል። እስቲ አሁን ጋቢያቸውን ተከናንበው ለቀብር የተሳፈሩ አዛውንትን «አባቴ፣ በሩን ቀስ አድርገው» በሉ! «ምነው፣ በር መዝጋት ጠፋን?» ይሉና እንደገና ከፍተው፣ አሁን በቁጣ፣ ያላትሙታል።

ድንጋዩ ያገኘን ከደብረ ወርቅ አልፈን ወደ ሞጣ ስንሄድ ነው። ከፊታችን ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም ያወጣለት ሲኖ ትራክ ይሄዳል፤ ከመንገዱ ዳር ለጥገና ተብሎ ተደፍቶ የተረሳ የጠጠር ክምር አለ። ጎማው የክምሩን ጫፍ ረገጠ፣ አንዲት ጠጠር ተፈናጠረች፣ ጧ አለ። ለሌላ አገር ሰው ነገሩ እዚህ ያበቃል። ቢቸና ግን የበላይ ዘለቀ አገር ናት፤ ድንጋይ ተወርውሮ ከሳሽና ተከሳሽ ሳይለይ አይታደርም።

ጠላ ቤት ውስጥ ችሎት ተሰየመ። የ«በላ ልበልሃ» ሙግት ከፍርድ ቤት ከወጣ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ከጠላ ቤት ወጥቶ አያውቅም። አንዱ ለሲኖው ጠበቃ ቆመ፤ ሾፌሩ ድንጋዩን በእጁ አልነካ፣ ቂም የለው፣ ኋላው ማን እንዳለም አላየ አለ። ከሳሹ ተነስቶ የበሬው ጥፋት ባለ በሬውን እንደሚያስጠይቅ ሁሉ የጎማው ጥፋት ባለ ጎማውን ያስጠይቃል ሲል ኩታውን አጣፋ። ይህን ጊዜ ድቁና የተማረ አንድ ጎልማሳ «ለመሆኑ ድንጋዩስ የማነው?» ብሎ ጠየቀ። ባይጠይቅ ይሻል ነበር። ጠጠሯ የተፈለጠችው ከየትኛው ተራራ ነው? ፈላጩ ማን፣ አስፈላጩስ ማን? ተራራው ዱሮ የማን ርስት ነበር? ርስት ከተነሳ ደግሞ ጎጃም ውስጥ ማንም ቸኩሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። አባት ከአያት፣ አያት ከቅድመ አያት እየተመዘዘ፣ ጠጠሯ ከእኔ ጋር ሰባት ቤት ሳትሞላ ትዛመድ እንደሆነ እስኪጣራ ድረስ ተቆጠረ። ዝምድናው ከተገኘ ክሱ በእርቅ ያልቃል ማለት ነው። ሦስተኛው ማሰሮ ሲመጣ ተራራው ላይ የወሰን ክርክር ተነስቶ እኔና መስታወቴ ከመዝገቡ ተሰርዘን ነበር።

ከመሃላችን የነበረ አንድ የሞጣ ሰው ግን ሁላችንንም ናቀን። የተሰነጠቀ ነገር ለእሱ መወያያ አይሆንም፤ የአገሩ ሰዎች መሃሉ የሌለ ድልድይ ይዘው ኖረዋል። ሰባራ ድልድይን ማለቱ ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመን አባይ ላይ በድንጋይና በኖራ የተሠራውን ድልድይ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት መሃሉን ሰበሩት። ጣሊያን ወጣ፤ ድልድዩ እንደተሰበረ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከ60 ዓመት በላይ ከሞጣ ወደ ደቡብ ጎንደር የሚሻገር ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲህ የቆሙት እያላሉለት ወዲያ ያሉት እየጎተቱት፣ አባይን ከእግሩ ሥር እያየ ተሻገረ። ገበያተኛውም፣ ለቅሶ ደራሹም። በ1994 ዓ.ም. ተጠገነ፤ በ1997ቱ ክረምት ጎርፉ ጥገናውን ይዞት ሄደ፤ ኋላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት። «እና እናንተ» አለ የሞጣው ሰው፣ ጠላውን ጨልጦ፣ «አንድ ስንጥቅ ፊታችሁ ቢጋረጥ መንገድ ቀረባችሁ?»

ሞጣ ያለው መካኒክ የዚህ ሰው ዘመድ ሳይሆን አይቀርም። የቮልስን መስታወት አገጣጠም ከነሥርዓቱ ያውቀዋል። መስታወቱ ዙሪያውን ጎሚኒ ይለብሳል፤ በጎሚኒው ከንፈር ውስጥ ሲባጎ ይዞራል፤ የሳሙና ውኃ ይቀባል። ከዚያ አንዱ ከውጭ በመዳፉ ይጫናል፣ አንዱ ከውስጥ ሆኖ የሲባጎውን ጫፍ ቀስ እያለ ይስባል፤ ሲባጎው በወጣበት ሁሉ የጎሚኒው ከንፈር የቆርቆሮውን ጠርዝ እየነከሰ ቦታውን ይይዛል። ብሎን የለ፣ ማጣበቂያ የለ። ይህን ሁሉ በእጁ አየር ላይ ገጥሞ ካሳየኝ በኋላ «ሲባጎስ አለኝ ጋሼ» አለ፤ «መስታወት ነው የሌለኝ።»

የቁም ሳጥን መስታወት ወደሚቆርጠው ሄድኩ። መስመሪያውን አጋድሞ ሲያስቀምጠው መሃል ላይ አርፎ ግራና ቀኙ ተንሳፈፈ። ጥፋቱ የጀርመኖቹ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር እስከ 1964 ሞዴል ድረስ የቮልስ የፊት መስታወት ዝርግ ነበር፤ ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሰፋ አደረጉትና በትንሹ አጎበጡት። በትንሹ! ዓይን የማይቆጥረው፣ መስመሪያ ብቻ የሚያጋልጠው። ያን ያህል ለማጉበጥ ምን አስቸኮላቸው? ቆራጩ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ዝርጉን እንግጠምና ክፍተቱን በሲልኮን እንሙላው አለኝ። እምቢ አልኩ። የቤት መስታወት ሲሰበር ጎራዴ ነው። የመኪናው የተለየ መሆኑን ላስረዳው ብዬ የኤዱአር ቤኔዲክቱስን ታሪክ አመጣሁ፤ ፈረንሳዊው ኬሚስት በ1903 ቤተ ሙከራው ውስጥ ብልቃጥ ወድቆበት ተሰነጠቀ እንጂ አልተበተነም፤ ውስጡ የደረቀ ሴሉሎስ ናይትሬት ስብርባሪውን ይዞት ነበር። ከዚያ ነው ሁለት መስታወት መሃል ስስ ንጣፍ አጣብቆ መሥራቱን አስቦ በ1909 የፈጠራ መብት ያወጣበት። የእኔም መስታወት ተሰንጥቆ ቆሞ ሰው የሚማከርበት በዚህ ሰው ቸርነት ነው። ቆራጩ በትዕግሥት አዳመጠኝና «ታዲያ ብልቃጡን ከየት ቀየረው?» አለ።

አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅ፣ ስፖኪዮ የተሰረቀበት አዲስ አበቤ ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጥበት ሶማሌ ተራ ገብቶ ጠየቀልኝ። «ኦርጅናል አለ አጎቴ» ብሎ ደወለ፤ ሲለካው 1303 የምትባለው የኋለኛዋ ቮልስ መስታወት ነው፣ እሷ ደግሞ ሆዷ የተነፋ ነው። ሻጩ ቮልስ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ሊያሳምነው ሞክሯል። ትክክለኛው ቢገኝስ? ማን አቅፎት ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን የአባይን በረሃ ይውረድ፣ ይውጣ? አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከፍየል ጋር ይታሰር? መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ የከለከለ ጊዜ ጠላ ቤቱ በሙሉ «ቮልስህ ዋጋ አወጣች» ብሎ እንኳን ደስ አለህ ብሎኝ ነበር። ዋጋ ማውጣቷንስ አወጣች።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልኩት ቦሎውን ነው። ቦሎውም፣ የሦስተኛ ወገን ተለጣፊውም ያሉት አሮጌው መስታወት ላይ ነው፤ ሲላጡ ይቀደዳሉ። ስለዚህ ከመቀየሬ በፊት ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ሄጄ እዚያ ያለችውን ልጅ ስለ ምትክ ጠየቅኋት።

«የጠፋበትን የፖሊስ ማስረጃ ያምጡ።»

«አልጠፋም፤ ይኸው መስታወቱ ላይ።»

«ካልጠፋ ምትክ ምን ያደርግልዎታል?»

«መስታወቱ ሊቀየር ነው።»

«ሲቀየር ይምጡ።»

«ቦሎ የሌላት መኪና እየነዳሁ?»

«እሱ የትራፊክ ጉዳይ ነው። ለነገሩ በዚህ መስታወት የዘንድሮውም አይሰጥዎትም።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። በስንጥቁ ቢከለክሉኝ አልቀየምም፤ የሾፌር ዓይን የእግረኛም ሕይወት ነው። ግን የእኔ ፍሬን፣ የእኔ መብራት፣ የእኔ ጎማ በየዓመቱ ይመረመራል፤ መንገዱን በየዓመቱ የሚመረምረው ማን ነው? ያ ክምር ዛሬም እዚያው ነው። ሣር በቅሎበታል። ሣር የበቀለበት ጠጠር ጥገና ይባላል? ደፍቶት የሄደውን ማን ማስረጃ አምጣ አለው? ማታ መብራት በሌለው መንገድ አንድ ጎረምሳ በሞተር ሳይክል ቢገባበት፣ ሬሳውን የምናነሳው ሰዎች ማን ዘንድ ነው ቆመን ቁጥር የምንጠብቀው? ክምሩን ያፈሰሰው ተሽከርካሪም እኮ ቦሎ ነበረው! ምናልባትም ሲኖው ግንባሩ ላይ እንደ ለጠፈው ያለ፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ ቦሎ። እኔ ላይ የሚበረታው ሕግ እኔ ቆሜ ስለምገኝለት ነው። ይህን ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ልጅቷ ስታዳምጠኝ ቆየችና «ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ፣ ውኃ ላምጣልዎት» አለች። እውነትም አመጣች። በእሷ ምን አደርጋለሁ? ስወጣ የበሩ ጥበቃ መስታወቱን ዞሮ አይቶ የጥፍር ቀለም ነገረኝ።

ጠላ ቤት ስደርስ ችሎቱ ከጠጠር ዘር ወደ ቮልስ ዘር ተዛውሮ ነበር። አንዱ ቮልስን አትናቋት አለ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከቤተ መንግሥታቸው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰደቻቸው ቮልስ ናት። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የጎረቤቴ ልጅ የእሷን መስታወት ብናገኝ ይገጥም ይሆን ብሎ ጠየቀ፤ ዝርግ ነው ጎባጣ ተባለ። ሞዴሏ ከመታወቁ በፊት ግን ቀለሟ መታወቅ ነበረበት። ግማሹ አረንጓዴ ናት አለ፣ ግማሹ ሰማያዊ፤ ሁለቱም ወገን ያየ ሰው አውቃለሁ ይላል።

«ቀለሙን ተዉት» አሉ እስካሁን ዝም ያሉት ሽማግሌ። «ቮልስ ሁለት በር ናት። ኋላ ለመግባት የፊቱ ወንበር መታጠፍ አለበት። ንጉሠ ነገሥቱ ጎንበስ ብለው ሲያልፉ ወንበሩን ማን ያዘላቸው?»

ወታደሩ ነው ተባለ፣ ሾፌሩ ነው ተባለ። ሾፌሩ ከያዘ መሪው ላይ ማን ነበር? በወሬ አይሆንም ብለው ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ መኪናዬ ተነሱ፤ የቀረነው ብርጭቆ ብርጭቋችንን ይዘን ተከተልናቸው። ቁልፉን ከፍቼ ወንበሩን አጥፌ ይዣለሁ። ጃንሆይን ማን ይሁን በሚለው ግን ገና አልተስማማንም።