ቤት ለወፍ፦ የጎጆ ሳጥን ለሚሰቅሉ ቅን ሰዎች

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ሁሉ አንዷ እንኳ እርስዎ ግቢ ጎጆ እንድትቀልስ መመኘትዎ የደግነት ምልክት ነው። አይጨነቁ፤ ነገሩ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ላለው ሰው ሁሉ የሚሆን መንገድ አለ። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ይከተሉ። አንዱንም አይዝለሉ።

1. ዛፉን ያስቆርጡ

ሳጥን ከጣውላ ይሠራል። ጣውላ ከዛፍ ይገኛል። ስለዚህ ከግቢዎ ይጀምሩ። አያትዎ የተከሉት ጥድ ካለ ዕድለኛ ነዎት። ዙሪያውን እየዞሩ ግንዱን በደንብ ይመልከቱ። ከፍ ብሎ፣ ከደረቀው ቅርንጫፍ አጠገብ፣ ክብ ቀዳዳ ያያሉ። ግንደ ቆርቁር በምንቃሩ ፈልፍሎ፣ ልጆቹን አሳድጎ የለቀቀው ነው። አሁን ከውስጥ ብቅ ብላ የምታይዎት ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ተረካቢዋ ናት፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ አገሬ የምትለው ምድር የላትም። ከላይ የጥዱን ፍሬ የሚለቅመው፣ ግንባሩ ቀይ የሆነው፣ ባሏ ነው። ደስ የሚል ቤተሰብ ነው። ነገር ግን ቀዳዳ ያለው ዛፍ የተቦረቦረ ዛፍ ነው፤ የተቦረቦረ ዛፍ ደግሞ አንድ ቀን መኪና ላይ ይወድቃል። ያስቆርጡት። ቀዳዳው ያለበት ጉማጅ ለጣውላ ስለማይሆን ለማገዶ ይስጡት። ከቀረው አንድ ጥሩ ሳጥን ይወጣል።

2. ግቢውን ያስነጥፉ

አፈር ሲዘንብበት ይቦካል፤ ጫማ ያበላሻል። ሴራሚክ ያስነጥፉ። ድንቢጥ ራሷ ጥራጥሬ ብትበላም ጫጩቶቿን የምታሳድገው በትልና በትንንሽ ነፍሳት ነው። እነዚህ የሚገኙት ከአፈርና ከቅጠል ስለሆነ ሴራሚኩ ከጭቃውም ከትሉም አንድ ላይ ይገላግልዎታል። አረንጓዴ ነገር ዓይን ስለሚያሳርፍ ጥግ ጥጉን ሰው ሠራሽ ሣር ያልብሱት። ውሃ አይጠይቅም፤ አጫጅ አይፈልግም። በወር አንዴ ፀረ ተባይ ያስረጩ። እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ቤቱን ያጸዳል።

3. የቤቱን ክፍተት ያስደፍኑ

ድንቢጥ እስካሁን ሳጥን ስላልነበራት በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ስትኖር ቆይታለች። ጠዋት ወጣ ብለው ቢያዩ፣ ከራሷ የሚረዝም ጭድ በአፏ አግድም ይዛ መግቢያው ላይ ስትቸገር ያገኟታል። ሁለት ሦስቴ ትሞክራለች። በመጨረሻ ጭዱን ጫፉ ላይ ትይዝና ስባ ታስገባዋለች። ያሳዝናል። ይህን ችግር ዛሬውኑ ይቅረፉላት። ግንበኛ ይጥሩ፤ ክፍተቱን ሁሉ በሲሚንቶ ይድፈን። ከውስጥ ጭር ጭር የሚል ድምፅ ቢሰማ እንዳይደነግጡ፤ ሲሚንቶው በደረቀ በማግስቱ ይቆማል። ሳጥን የሚደርሳት ወፍ በስሟ ሌላ ቤት ሊኖራት አይገባም። ደንብ ነው።

4. ነዋሪዋን ይምረጡ

ሳጥን የሚገቡት በቀዳዳ ውስጥ የሚፈለፍሉ ወፎች ብቻ ናቸው። ዋኔ ቅርንጫፍ ላይ ጭራሮ ደርድራ እንቁላሏን ትታቀፋለች። ቢጫው ሸማኔ ወፍ ሣር እየሰነጠቀ የራሱን ጎጆ ይሸምናል። የአበባ ማር የምትመጠው ወፍ ደግሞ ጎጆዋን በሸረሪት ድር አያይዛ ታንጠለጥላለች። እንግዲህ እርስዎ ይህችኛዋን ይምረጡ። በተካዜ ወንዝ ስም የተጠራው ዓይነት ወንዱ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ ያንጸባርቃል፤ ለፎቶ ከእሱ የሚበልጥ የለም። ሳጥን አትገባም የሚሉዎትን አይስሙ። አልገባም ማለቷ ገና አልቸገራትም ማለት ነው። በየቅዳሜው የሸረሪት ድሩን ያስጠርጉ። ቀይ አበባ የሚያወጣውን ኮርች ከሥሩ ያስነቅሉ። ጊዜ ይስጧት፤ ሐሳቧን ትቀይራለች።

5. ሳጥኑን በወጉ ያሠሩ

የሚያውቅ ሰው ቢጠይቁ እንዲህ ይልዎታል፦ ጣውላው ከ15 ሚሊ ሜትር አይሳሳ። ውስጡ ጫጩት ቧጥጦ እንዲወጣ ሻካራ ይሁን፤ ቀለም አይቀባ። ለድንቢጥ 32 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበቃል። ወለሉ ውሃ ማፍሰሻ ይበጅለት። ክዳኑ ለጽዳት የሚከፈት ይሁን። ከቀዳዳው በታች መቆሚያ እንጨት አይኑር፤ ጠላት ይቆምበታልና። ይህን ሁሉ በትሕትና ያዳምጡ። አመስግነው ይሸኙት። ከዚያ አናጺውን ጠርተው የራስዎን ቤት ያሳዩትና «ይህን አስመስል» ይበሉት። ፊት ለፊቱ ሁለት ዓምድ ይቁምለት። በረንዳ ይኑረው፤ ድመቷም የግቢው ሰው ናት። ቀዳዳው ሰፋ ይበል፤ በጠባብ በር እንግዳ ማስገባት ያሳፍራል። ቁራም ቢሆን እንግዳ ነው። ውስጡ በቫርኒሽ ይለስልስ። ጣሪያው ቆርቆሮ ይሁን፤ የበጋ ፀሐይ ሲያግለው ጫጩቶቹ መብረርን ቶሎ ይማራሉ።

6. ይስቀሉት

ከመሬት ከ2 እስከ 4 ሜትር ከፍ ይበል። ጥላ ያለበት ቦታ ይመረጣል፤ ጥላው በደረጃ 1 ላይ ተቆርጧል። አይዘኑ፤ የአጥሩ ግንብ አለ። ከእሾህ ሽቦው ሥር፣ ከፓውዛው ጎን፣ ካሜራው በሚያይበት በኩል ይምቱት። ጄኔሬተሩ ቅርብ ከሆነ እሰየው፤ መብራት ቢጠፋም ፓውዛው አይጠፋባትም። ሌሊቱን ሙሉ ብርሃን እያላት ሌባ አይደፍራትም። እንቅልፍ የሚባለውን ነገር ቀስ ብላ ትተወዋለች።

7. ያስመርቁ

ወዳጅ ዘመድ ይጥሩ። ቡና ይፈላ፤ ዳቦ ይቆረስ። እንግዶቹ «ቤት ለእንቦሳ!» ይበሉ። እርስዎ በወፏ ስም «እንቦሳ እሰሩ!» ብለው ይመልሱ። ልጆቹ ተራ በተራ መሰላሉ ላይ ወጥተው ክዳኑን ይክፈቱ፤ ደግመው ደጋግመው ይክፈቱ፤ ፍቅር የሚያድገው በመጠያየቅ ነው። ከሳጥኑ አጠገብ ቆመው ፎቶ ይነሡ። የጥዱ ጉቶ ከኋላ እንዳይታይ የአበባ ማሰሮ ያስቀምጡበት፤ የፕላስቲክ አበባ ይሻላል፣ አይደርቅም። ከፎቶው ሥር «ተፈጥሮን እንንከባከብ» ብለው ይጻፉ። ለሚያመሰግንዎት ሁሉ መልስ ይስጡ።

8. በትዕግሥት ይጠብቁ

ክረምቱ ያልፋል። መስከረም ይጠባል። ሳጥኑ ባዶ ነው። ተስፋ አይቁረጡ፤ እንቁላልም ቀስ በቀስ ነው በእግሩ የሚሄደው። ምናልባት አንድ ጠዋት ድንቢጧን ፓውዛው ጀርባ ጭድ ስትከምር ያገኟት ይሆናል። ይህ ሕገ ወጥ ግንባታ ነው። አይቆጧት። ዘበኛው በመጥረጊያ እንጨት ያፍርሰው። ከዚያ እርስዎ በእጅዎ ወደ ሳጥኑ ያመልክቷት። ነገ መልሳ ብትሠራ ነገም ያስፈርሱ። እንቁላል ከጣለች በኋላም ቢሆን አይለፏት፤ ለአንዷ ከተላለፈ ሌሎቹም ይጠይቃሉ። ቤት ተሰጥቷት በየሥርቻው የምትወድቅ ከሆነ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።

9. ከጎረቤት ጋር ይመካከሩ

አሁንም ካልገባች ከአጥሩ ማዶ ይመልከቱ። የጎረቤትዎ የእማማ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ዋንዛ ቆሟል። ፍሬው ሲበስል ወፉ ሁሉ እዚያ ይንጫጫል። መሬቱ አልተነጠፈም። የጣሪያው ክፍተት አልተደፈነም። የሸረሪት ድሩን የሚጠርግ የለም። ሳጥንዎ ባዶ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ወፏ ገና ምርጫ አላት።

ቂም አይያዙ፤ ጎረቤት ናቸው። እሑድ ስኳርና ቡና ይዘው ይሂዱ። ጉልበታቸውን እንዴት እንዳደረጋቸው ይጠይቁ። ዋንዛው ውስጡ ሳይቦረቦር እንዳልቀረ፣ ቅጠሉ አሸንዳ እንደሚደፍን፣ የዋንዛ ጣውላ ደግሞ ለቤት ዕቃ እንዴት ተፈላጊ እንደሆነ ረጋ ብለው ያስረዷቸው። አይቸኩሉ። እስከ ሦስተኛው ቡና ይቆዩ። «ወፎቹስ የት ይግቡ?» ካሉዎት የአናጺውን ስልክ ይስጧቸው።