እጁ አያርፍም

ዱሮ ሰው ሱቅ ሲከፍት ብር ይበደር ነበር። ዘንድሮ ስም ይከራያል! የእህቴ ልጅ የዘንገናን ሐይቅ ሊያይ ከመኪና የሚወርደውን ሁሉ ዶሮ ጥብስ ካላበላሁ ብሎ ተነስቷል። ዶሮው ከደጃችን፣ ድንቹ የአዊ፣ ጉልበቱ የራሱ። «ታዲያ ጥበስና ሽጥ» ብለው፣ «አይ ጋሼ፣ በፍራንቻይዝ ነው» አለኝ። በሰው ቅመም፣ በሰው ታፔላ ሊነግድ!

ባለ ስሙ ድርጅት ደግሞ ለመጣ ሁሉ አይሰጥም። ካፒታልህ ስንት ነው? ከዚያ ውስጥ ብድሩ ስንት ነው? ቦታው መንገድ ዳር ነው? ሠራተኛ አስተዳድረህ ታውቃለህ? ቅጹን አንብቤ ሳልጨርስ ዓይኔ ፈዘዘ። መንግሥትም አልቀረም፤ በ2008 የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 የፍራንቻይዝ ውል ይመዝገብ ይላል።

ኮሎኔል ሳንደርስ የሚሉት አሜሪካዊ ዶሮ ጠባሽ እንኳ እንዲህ አላስቸገረም። በ1952 እ.ኤ.አ. የዶሮ አጠባበሱን መጀመሪያ የሰጠው ሶልት ሌክ ሲቲ ላለው ለፒት ሃርማን ነው፤ ተጨባበጡ፣ በዶሮ ጥቂት ሳንቲም ተስማሙ፣ አለቀ። ሳንደርስ ግን ሞኝ አይደለም፤ ሃርማን ቀድሞም ምግብ ቤት ያለው፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር።

የዛሬዎቹ ሌላ ናቸው። ፒዛ ሃት በ2010 አዲስ አበባ ሲገባ ስሙን የሰጠው ለቤላያብ ነው፤ ኪያ መኪና በመገጣጠም ለምናውቀው! «ሊጥና ጎማ ምን አገናኛቸው?» ብዬ ብጮህ፣ ልጁ «አቅም ነው የሚታየው፤ ብዙ ቅርንጫፍ መክፈት የሚችል» አለኝ። ማክዶናልድስ ደግሞ ብሩን ከፍሎ ቤቱ የሚተኛ አይፈልግም አሉ፤ ባለ ፈቃዱ ራሱ ሥራው ላይ መዋል አለበት።

እንግዲህ እኔ እንደገባኝ፣ ነገሩ ለጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል ፈረስ እንደ ማዋስ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ወዲህ ስንት ጋላቢ አይተናል! ሰው ፈረሱን የሚያውሰው የተዋሹን ኪስ ዳብሶ ሳይሆን የልጓም አያያዙን አይቶ ነው። እንጅባራ ሜዳ ላይ ሰውየው ቢወድቅ «የእገሌ ፈረስ ጣለው» ይባላል እንጂ፣ «መጋለብ አያውቅም» የሚል የለም።

ስለዚህ ስም አከራይ ከድሃው ይልቅ እንደ ልቡ የሚጋልበውን ብልህ ቢፈራ አይፈረድበትም። የእኛው ብልህ ለሙከራ የላኩለትን የቅመም እሽግ ከነመለኪያ ማንኪያው ተቀበለ። ቀመሰ፤ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «ኮረሪማ ይጎድለዋል» አለና ጨመረ። አዋዜም አከለበት። ማንኪያዋን ስኳር ውስጥ ሰክቷት አገኘኋት። ዶሮውን ስቀምሰው፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ይጣፍጣል! ጉዱም እሱ ነው፤ የዘንገናው ጥብስ ከአዲስ አበባው ካልተመሳሰለ ስም ተከራይቶ ምን ሊጠቅመው?

ባለፈው ከድርጅቱ ተደወለ። «የሚያውቀኝ ሰው» ብሎ የእኔን ስልክ ሰጥቷቸዋል።

«ታታሪ ነው?»

«እንደ እሱ የለም።»

«በገንዘብ ይታመናል?»

«ዓይኔን ጨፍኜ።»

«መመሪያ ያከብራል?»

በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ? «እጁ አያርፍም» አልኳቸው።

ይኸው አኩርፎኛል። በራሱ ስም እስኪጠብስ ድረስ ኩርፊያውን እችለዋለሁ፤ ብቻ ኮረሪማውን እንዳይቀንስ።