ላም ስታመልጥ ሰው ሁሉ እረኛ ነው

እኔ የምለው፣ ይሄ ካልዲ የሚሉት እረኛ ምን ስለሠራ ነው እንዲህ የተከበረው? ፍየሎቹ አመለጡት፣ ተከትሎ ጫካ ገባ፣ ቀይ ፍሬ በልተው ሲፈነጩ አገኛቸው። ተረቱ በቃ ይኸው ነው። በዚህችው ሥራ ስሙ አዲስ አበባ የካፌ ስም ሆኗል፤ እዚህ ቦንጋ ደግሞ ለቡናው ብሔራዊ ሙዚየም ተሠርቶለታል። እኔ በዚህ ጉልበቴ ላም ተከትዬ እዚያው ጫካ ገብቼ ስወጣ ግን «እንኳን ደህና ገባህ» ያለኝ የለም። ያተረፍኩት አንድ ቪዲዮ ነው። የጎረቤት ልጅ ቀርጾኝ ሠፈሩ ሁሉ ይስቅበታል፤ እሱም የተቀረጸው ከኋላዬ ነው፣ ጭቃው ላይ ስንሸራተት።

ላሟን ከገበያ ስገዛት ደላላው «አባባ፣ ይቺን ሕፃን ልጅ ያልባታል» ብሎ በእናቱ ስም ምሎልኛል። የማን ልጅ እንደሆነ አልነገረኝም። ቁመቷ አጠር ያለ፣ ሻኛዋ የለም ቢባል ይቀላል፣ ቀንዷ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ሸኮ ናት። ሸኮ ማለት ከጎረቤታችን ከቤንች ሸኮ በኩል የመጣ የከብት ዘር ነው፤ ገንዲ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ ሌላውን ከብት ሲጨርስ እሱ ይቋቋማል፣ ወተቱም አያሳፍርም። ተመራማሪዎች ዘሩ እየተመናመነ ስለሆነ ይጠበቅ ይላሉ። ይጠበቅ! እኔም ልጠብቃት ነበር፣ እሷ ነች እምቢ ያለችው። አመሉ ክፉ እንደሆነ የሚያረቡት ሁሉ ያውቃሉ፤ ደላላው ብቻ አልሰማም።

ያስደነገጣት ደግሞ መኪና ነው። ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ደስ ብሎናል፣ እልል ብለናል። ታዲያ ባለሥልጣን ሲበዛ መኪና ይበዛል፣ መኪና ሲበዛ ጥሩምባ ይበዛል። አንዱ ጆሮዋ ሥር ሲያስጮህባት ገመዱን ከእጄ ነጥቃ ሽቅብ ወጣች። መጀመሪያ ያረፈችው ጎረቤቴ እንሰት ማሳ ውስጥ ነው። እንሰት ደርሶ ቆጮ እስኪሆን ስንት ዓመት እንደሚጠበቅ ለከፋ ሰው አይነገርም። እሷ ግን ከዳር ያለውን አሮጌ ቅጠል ንቃ፣ ከመሀል ገና የሚወጣውን ለጋውን እየመረጠች ጎረደችው።

ጎረቤቴ የተማረ ሰው ነው። ልጁን እንኳ «አባርር» ሳይለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቀሰልኝ። የ1952ቱ ሕግ፣ አንቀጽ 2071፤ እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፣ እንስሳው በድንገት አምልጦት ቢሆን እንኳ። በንጉሡ ዘመን ሕጉን የጻፉት ሰዎች ላሜን አይተዋት ይሆን? እኔም የዋዛ አይደለሁም፤ ልጄን አስነበብኩት። እዚያው ግድም ሌላ በር አለ፤ ጥፋት የሌለበት ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከዕዳው ነፃ መውጣት ይችላል። «እንካ፣ ላሟ ያንተ ናት» አልኩት። ጎረቤቴ ላሟን አየ፣ እሷም አየችው። «የለም ጋሼ፣ እኛ ጎረቤታሞች አይደለን እንዴ፣ ይቅር ለእግዜር» አለና ቤቱ ገባ። የሽማግሌ ወግ እንኳ አላስፈለገውም።

አሁን ወደ አባራሪዎቹ ልምጣ፣ ሆዴን ያቃጠሉት እነሱ ናቸውና። ላም ስታመልጥ ሰው ሁሉ እረኛ ነው። ባጃጅ ነጂው ከፊት ልቁረጣት ብሎ ጥሩምባ ይነፋል። ተማሪው ስልኩን ከፍቶ «አባባ፣ ኢንተርኔት ላይ ላም የሚያዘው በገመድ ውርወራ ነው» ይለኛል፤ ፈረስ የት አለና? የሻይ ቅጠል ሊለቅም ወደ ውሽውሽ የሚሄደው ሁሉ ወርዶ እጁን እየዘረጋ «ሃይ! ሃይ!» ይላል። ላም እኮ ዓይኗ በጎንና በጎን ስለሆነ ዙሪያዋን ሁሉ ታያለች፤ የማታየው በቀጥታ ከጅራቷ ኋላ ያለውን ነው። እነዚህ ጎረምሶች ታዲያ በየት በኩል ይመጣሉ? በጅራቷ በኩል! የማታየው ጩኸት ከኋላ ሲመጣባት ምን ታድርግ፣ ትሮጣለች። ከመንጋ የተነጠለች ላም ብቻዋን መሆኗ ራሱ ያስበረግጋታል፤ እኛ ዘመን መጀመሪያ የሚላከው ረጋ ያለ በሬ ነበር፣ እሱን አይታ ትጠጋለች። አሁን የሚላከው ባለ ስልክ ነው።

እንዲህ እያዋከቡ ጫካ አስገቧት። ጫካውን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። ጎሽ አለበት፣ አንበሳ አለበት፣ ቡናውም እንደ ሣር በራሱ የሚበቅልበት ነው። ላሜ ወደ ውስጥ ስትገሰግስ አንድ የደን ጥበቃ ሥልጠና የወሰደ ወጣት ፊቴ ቆመ።

«አባባ፣ በዚህ አይለፉ፣ ከዚህ ወዲያ ጥብቅ ክልል ነው።»

«ለእኔ ነው ለላሟ?»

«ለሁለታችሁም።»

«እንግዲያው ቀድማኛለችና ንገራት።»

ልጁ ጨዋ ነው፣ ትንሽ ሄዶ ሊነግራት ሞከረ። እየሮጠ ነው የተመለሰው። ላም አለኝ በሰማይ ይሉ የለ? የእኔዋ በጥብቅ ደን ሆነች፣ ወተቷንም አላይ።

የያዛት ማን ይመስላችኋል? ባለቤቴ ናት። ቤት ሆና ወሬውን ሰምታ፣ «ሰዉን በሙሉ መልሱልኝ» ብላ ላከች። ከዚያ ጥጃዋን በገመድ ይዛ፣ በሌላ እጇ ጨው የተበተነበት አተላ በባልዲ አንጠልጥላ መጣች። ከጫካው ዳር ተቀመጠች፤ አልሮጠች፣ አልጮኸች። ጥጃው ጡት ከቀረበት ቆይቷልና እምቧ አለ። ጥቂት ቆይቶ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ፤ እመቤት ጡቷ ተወጥሮ፣ አፍንጫዋን ወደ ባልዲው አሹላ፣ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ቀስ ብላ ወጣች። ባለቤቴ አንገቷ ላይ ገመድ አጠለቀችና ወደ ቤት ነዳቻት። እኔን ሳታየኝ ነው ያለፈችው፣ ሚስቴን ማለቴ ነው።

ማታ ያ ሁሉ አባራሪ ቡና ሊጠጣ ቤቴ ተሰበሰበ። ባጃጅ ነጂው «ባልቆርጣት ኖሮ ጎጀብ ትሻገር ነበር» ይላል። ተማሪው ቪዲዮውን እያዞረ ያሳያል። ጎረቤቴም መጣ፤ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ስለ እንሰቱ ዝም ብሎ፣ በበረካው ላይ «ያ የሕጉ ነገር ግን…» ብሎ ጀመረ። ቡናውንም፣ ስኳሩንም፣ ቆሎውንም ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ላሟ ትሸጣለች። ወተቷ ጥሩ ነው፣ ገንዲን ትቋቋማለች፣ ዋጋውንም እንነጋገራለን። ቤታችሁ ከዋናው መንገድ የራቀ ከሆነ ኑ፤ ከጥጃዋ ጋር ካልወሰዳችኋት ግን አልሸጥም።